ባዶው ገጽና አሮጌው ቀፎ

አፌን ልከፍት ነው፤ ጆሮ ስጡኝ።

አቶ አላምረው ንብ አናቢ ገበሬ ናቸው። ቃል ቆጥበው የሚናገሩ፣ ልጃቸውን አዝመራን በዓይን ብቻ የሚያዝዙ። አንድ ቀን ጠዋት እሷ የምትማርበት ኮሌጅ ድረስ መጡ። የፈለጉት አንድ ነገር ብቻ ነበር፤ የእጇን ሥራ ማየት።

«ሁለት ዓመት ተማርሽ። የሠራሽውን አሳዪኝ። ከሌለ ጓዝሽን ሸክፊ፤ አብረን እንገባለን።»

አዝመራ ኮምፒውተሩን አዞረችላቸው። ከሦስት ጓደኞቿ ጋር በቡድን የሚሠሩት ለአዝመራ መንደር ንብ አናቢዎች የሚሆን ድረ ገጽ ነው። መምህሩ ስድስት ሰዓት ላይ ያዩታል። ስክሪኑ ግን ነጭ ነው፤ ባዶ።

«ይኼ ምንድን ነው?»

«ንድፉን አልሰጡኝም፣ አባዬ። ኮዱን የምጽፈው እኔ ነኝ፤ ያለ ንድፍ ምኑን ላቁም?»

ንድፍ አውጪውን ይሁኔን ጠሩት። «ንድፉን ስጣት፤ አዝመራ ገጹን ታቁም፤ እኔም ልይ።»

ይሁኔ እርሳሱን ከጆሮው ሳያወርድ፣ «ፎቶ ሳላይ አልነድፍም፣ አባባ። ላላየኋት ሙሽራ ቀሚስ ልስፋ እንዴ?» አለ።

ፎቶ አንሺዋን ሐያትን ጠሯት። «ፎቶውን ስጪው፤ ይሁኔ ይንደፍ፤ አዝመራ ገጹን ታቁም፤ እኔም ልይ።»

«መንደር ድረስ ሄጄ መቶ ፎቶ አንስቻለሁ» አለች ሐያት። «ጽሑፉ ምን እንደሚል ሳላውቅ ከመቶው የቱን ልምረጥ?»

የጽሑፉ ድርሻ የደረሰውን መልካሙን ጠሩት። «ጻፍ፤ ሐያት ትምረጥ፤ ይሁኔ ይንደፍ፤ አዝመራ ገጹን ታቁም፤ እኔም ልይ።»

መልካሙ አንገቱን ደፋ። «የንቡ ባለቤት ሳይናገሩ ምን ልጻፍ?»

«ማነው እሱ? ማነው አራት ሰው ሥራ አስፈትቶ የሚያስቀምጥ?» ተቆጡ አቶ አላምረው።

ይሁኔ እርሳሱን ከጆሮው አወረደ።

«እርስዎ ነዎት፣ አባዬ» አለች አዝመራ።

እውነቷን ነው። ባለፈው ሳምንት መልካሙ መንደር ሄዶ ስለ ቀፏቸው ሲጠይቃቸው፣ «ማር ነው። በቃ።» ብለው ጥለውት ሄደዋል። በአገራቸው የቀፎ ነገር ለእንግዳ አይወራም፤ ዓይን ይገባበታል ይባላል። ቁጥሩማ ጭራሽ አይነሳም።

አቶ አላምረው ቆመው አሰቡ። እሳቸው አልተናገሩ፤ መልካሙ አልጻፈ፤ ሐያት አልመረጠች፤ ይሁኔ አልነደፈ፤ አዝመራ ገጹን አላቆመች። አምስት ሰዓት ሆኗል።

ባርኔጣቸውን አወለቁ።

«ቁጥሩን አልነግርህም። የመጀመሪያውን ቀፎ ግን ጻፍ። የሠራችው የዚች ልጅ እናት፣ ይመኙሻል ናት። ቀርቀሃውን ሰንጥቃ ጎነጎነች። እበት ለሰነችበት። በወይራ ጢስ አጠነችው። አደይ ሲያብብ ንብ ገባበት። ጥቅምት ላይ እሷ ሞተች፤ ማሩ ሳይቆረጥ። እስከ ዛሬም አልቆረጥሁት። ለንቦቹ ትቼዋለሁ።»

አዝመራ ይህን ሰምታ አታውቅም።

ባለቤቱ ተናገሩ፤ መልካሙ ጻፈ፤ ሐያት ከመቶው አንዱን መረጠች፣ ከሁሉ ያረጀውን ቀፎ፤ ይሁኔ ነደፈ፤ አዝመራ ዓይኗን በእጅጌዋ ጠርጋ ገጹን አቆመች።

ነጩ ስክሪን በአደይ ቢጫ ተሞላ። መሐሉ ላይ ቀፎው ተንጠልጥሏል። ከሥሩ፣ «ይመኙሻል የሠራችው» ይላል። ቁጥር የለበትም።

አቶ አላምረው ጣታቸውን ወደ ስክሪኑ ሰደዱ፤ ሳይነኩት መለሱት።

«ጓዜን ልሸክፍ?» አለች አዝመራ።

«ምኑን ትሸክፊያለሽ? ሥራ ላይ አይደለሽም እንዴ?» አሉና ባርኔጣቸውን አድርገው ብቻቸውን ወደ መናኸሪያው አቀኑ።

ይኸው ተናገርሁ፤ አሁን ዝምታዬን መልሱልኝ።