ትንሽ ብቻ ጨምር

አንድ ጊዜ፣ ክረምቱ ሊገባ ሲል፣ እመት ቀበሮ አያ አህያንና አያ ጅቦን ወደ አንድ ጉድጓድ ደጃፍ ጠራቻቸው። ጉድጓዱ ውስጥ ጥንቸል ትኖራለች፤ ከወለደች ገና ጥቂት ቀኗ ነው፤ ልጆቿ ዓይናቸውን እንኳን አልገለጡም። ከጉድጓዱ አፍ አጠገብ ደግሞ ትልቅ ድንጋይ አለ።

«ጌታችን አንበሳ ይህ ጉድጓድ ይዘጋ ብለዋል» አለች ቀበሮ ጉሮሮዋን ጠርጋ። «ድንጋዩን ግፉ!»

«ውስጥ ማንም የለም?» አለ አህያ።

«ምን አገባህ? ትንሽ ብቻ ግፋ።»

አህያ በደረቱ፣ ጅብ በትከሻው ገፉ። የጉድጓዱ አፍ በግማሽ ተዘጋ።

«ኧረ አያ አህያ!» ብላ ጮኸች ጥንቸል ከውስጥ። «ልጆቼ አሉ እኮ! ጨለመብን!»

አህያ ቆመ። ላብ አጠመቀው። «እመት ቀበሮ፣ እያለቀሰች ነው።»

«ብታለቅስስ? ተጠያቂዋ እኔ ነኝ። እስካሁን ገፍተህ የለ? ትንሽ ብቻ ጨምር።»

አህያ ዓይኑን ጨፍኖ ጨመረ። የጥንቸሏ ድምፅ ቀጠነ። «አየር አጠራቸው! ስለ ልጅ!»

ይሄኔ የጅቡ ሆድ ጮኸ። «ስንጨርስ ምን እንበላለን?»

ቀበሮ ጥንቸሎቹ ታፍነው ሲሞቱ ለብቻዋ ልትበላቸው አስባ ነበርና «ምንም! ትዕዛዝ ነው» አለች።

«ትዕዛዝ ይበላል እንዴ?»

«አይበላም፣ አንተ ደደብ!»

«እንግዲያ እኔ የለሁበትም» ብሎ ጅቡ እያነከሰ አጥንት ፍለጋ ሄደ።

አህያ ጆሮውን አቁሞ ጠበቀ። አንበሳ አላገሳም። መብረቅም አልወረደም። ጅቡ ያለ ምንም ሐሳብ ዳገቱን ወጣ።

«ለካ እምቢ ማለት ይቻላል!» አለ አህያ።

«ምን አልክ? ለጌታችን ነው የምነግርብህ! ይበሉሃል!»

አህያ ግን ዞረና ድንጋዩን በኋላ እግሮቹ ረግጦ ገለበጠው። ቀበሮ ድንጋዩ እንዳይደፈጥጣት ሸሸች።

ጥንቸል ልጆቿን አንድ በአንድ በአፏ ይዛ አወጣች። የመጨረሻው ዝም ብሏል። ላሰችው። ደግማ ላሰችው። አስነጠሰ!

«ታዝዤ ነው እኮ» አለ አህያ አንገቱን ደፍቶ።

«እኔም ታዝቤሃለሁ» አለች ጥንቸል። ቆየት ብላ ግን «በል ና፣ ነፋሱን ከልልልን፤ በርዷቸዋል» አለችው።

ሕፃናቱ ሆዱ ሥር ገቡ። አህያ እንዳይረግጣቸው ፈርቶ፣ ሰኮናውን ሳያነሳ እስኪሞቃቸው ቆመ።

ከዚህ የምንማረው፣ አዛዡ ማንም ይሁን ማን የሚገፋው ጉልበት የራሳችን ነውና፣ ለቅሶ ስንሰማ ማቆሙም የራሳችን መሆኑን ነው።