አያ ብናኝና የትርንጎ የሰርግ መኪና

ተረት ተረት! «የላም በረት» ብላችሁ እንዳትመልሱልኝ። የዛሬው በረት ውስጥ ላም የለችም፤ የቆመችው መኪና ናት። አንተ ማዶ የተቀመጥኸው፣ እግርህን ሰብስብ! እኔ ሳወራ እግሩን የሚያወዛውዝ ሰው አልወድም።

ዱሮ ዱሮ፣ ለሰፈር አንድ መኪና በሚበቃበት ዘመን፣ ዕቃው ሁሉ ይናገር ነበር፤ ሰውም ይሰማ ነበር። ዛሬም ዕቃው መናገሩን አልተወም፤ ሰሚ ጠፋ እንጂ። በዚያ ዘመን ጋሽ ደምመላሽ የሚባል ጡረታ የወጣ ሾፌር ነበረ። ሰማያዊ አሮጌ መኪና ነበረችው፤ ሰፈርተኛው እትዬ ሰማያዊት ይላታል። ሞተሯ ደህና ነው፣ ወንበሯ ደህና ነው፣ ቀለሟም እንደነገሩ ነው። ቸርኬዎቿ ግን፣ ጎማው የሚታሰርበትን ብረት ማለቴ ነው፣ ወይ ጉድ! ድሮ እንደ መስተዋት ፊት ያሳዩ ነበር አሉ። አሁን የድስት ቂጥ መስለዋል።

በላያቸው የሰፈረው አያ ብናኝ ነው። አያ ብናኝ ከፍሬን የሚረግፍ ጥቁር ዱቄት ነው። መኪናዋ በቆመች ቁጥር ትንሽ ትንሽ እያለ መጣ፣ ተቀመጠ፣ ወለደ፣ ከበደ፣ በመጨረሻም ርስቴ ነው ብሎ ቁጭ አለ።

እንግዲህ የጋሽ ደምመላሽ ልጅ ትርንጎ ልታገባ ሆነ። «ከአባቴ መኪና በቀር በሌላ አልወጣም!» አለች። ግቢው ግን ጠባብ ነው። የሰርጉ ድንኳን የሚተከለው እትዬ ሰማያዊት የቆመችበት ቦታ ላይ ነው፤ ሌላ ቦታ የለም። የሰርጉ አዛዥ፣ የትርንጎ አጎት ባሻ ይርዳው፣ ቸርኬዎቹን አየና ፊቱን አጨማደደ።

«በዚህማ ሙሽራ አይወጣም። የወንድ ወገን ምን ይለናል? ይሄ ነገር ከጸዳ፣ እሁድ ሙሽራ ይዛ ትውጣ። ካልጸዳ ቁራሌው ይዟት ይውጣ፤ ለድንኳኑ ቦታ ይለቀቅ!»

ቁራሌው ማለት አሮጌ ብረት እየለቀመ ሊያቀልጥ የሚወስደው ሰውዬ ነው። እትዬ ሰማያዊት ይህን ስትሰማ ዘይቷ ቀዘቀዘ። «ጉዴ ፈላ!» አለች።

«ለኔ ተዉት!» አለ ሽቦ ብሩሽ። «እንዲህ ያለውን ጥጋበኛ የማውቅለት እኔ ነኝ!»

ጋሽ ደምመላሽ ብሩሹን ያዘ። ፈገፈገ። ፈገፈገ። ፈገፈገ።

«ኧረ ቆዳዬ! ኧረ ተላጥሁ!» ብሎ ቸርኬው ጮኸ።

አያ ብናኝስ? ብሩሹ በቧጨረው ቦይ ውስጥ ገባና ተጋደመ። «እግዜር ይስጥልኝ፤ መደብ ሠራህልኝ» አለ። እናንተ ትስቃላችሁ። እትዬ ሰማያዊት አልሳቀችም።

«ዞር በሉ! ጉልበት ለበሬ ነው» አለ ከአሮጌ ባትሪ የተቀዳው አሲድ። «እኔ ስነካው ተራራ ይቀልጣል!»

ጠብ አደረጉት። ጢሱ ተነሣ። ጋሽ ደምመላሽ ሳለ፣ ድመቷ ሸሸች፣ ቸርኬው «እሳት! እሳት!» አለ። አሲዱ የነካው ቦታ ሁሉ ነጥቶ ለምጽ መሰለ።

«አይ ሞኞ!» አለ አያ ብናኝ። «ቤቱን አቃጥለህ ነው እኔን የምታስወጣው? ከኔ በፊት ቤቱ ያልቅልሃል።»

እውነቱን ነው፤ ምን ይደረግ! ጋሽ ደምመላሽ ደንግጦ ውሃ ቸለሰበትና አሲዱን አባረረው።

ይሄኔ እመት ናፍጣ ከጣሳዋ ብቅ አለች። «ምነው እኔን ረሳችሁኝ? በየበዓሉ የማሳምራት ማን ሆነና!»

እሷም አልዋሸችም። ጋሽ ደምመላሽ ለእንቁጣጣሽ፣ ለመስቀል፣ ለገና፣ ለፋሲካ ጨርቅ በናፍጣ እየነከረ ጎማና ቸርኬ ያብስ ነበር። ሰፈሩ ሁሉ የሚያደርገው እንዲሁ ነው። እናንተም እንዲሁ ናችሁ፤ አትደብቁኝ!

አበሰ። ወዲያው አብረቀረቀ። ባሻ ይርዳው አጨበጨበ፣ ትርንጎ እልል አለች። ጋሽ ደምመላሽ ደስ ብሎት መኪናዋን እስከ ወፍጮ ቤቱ ነድቶ ተመለሰ። ሲመለስ ቸርኬው የመንገዱን አቧራ በሙሉ ለብሶ፣ ከበፊቱ ብሶ መጣ።

አያ ብናኝ ሆዱን ይዞ ሳቀ። «እናቴ!» አለ እመት ናፍጣን። «ዘመዶቼን ሁሉ ሰብስበሽ አመጣሽልኝ!»

«እናቴ?» አለ ጋሽ ደምመላሽ።

«እናቱ ናታ!» አለች ድመቷ ከመኪናዋ ሥር። «ጅራቴን ናፍጣ የነካው ቀን የግቢውን አቧራ በሙሉ ተሸክሜ ዞሬያለሁ። በዓል በመጣ ቁጥር የቀባኸው ጌጥ መሰለህ? ማጣበቂያ ነው።»

«እና እስከ ዛሬ ምነው ዝም አልሽ?»

«ማን ጠየቀኝ?»

ኤጭ! ይቺን ድመት ባገኛት እኔ ራሴ እቆነጥጣታለሁ። ጋሽ ደምመላሽ በርጩማው ላይ ዘፍ ብሎ ራሱን ያዘ። ከአጥሩ ውጭ ደግሞ «ቁራሌው! ቁራሌው!» የሚል ድምፅ መጣ። ባሻ ይርዳው ወደ በሩ ሄደና «ና፣ ግባ፤ እዚህ ቆየን» አለው።

«ጋሼ» አለች እትዬ ሰማያዊት። «ደበደብኸው፣ አቃጠልኸው፣ ቀባኸው። እስቲ አንድ ቀን አነጋግረኸዋል? ትርንጎን ሊጠይቁ ሽማግሌዎች ሲመጡ በመጀመሪያው ቀን እሺ አልህ?»

«ምን በወጣኝ! ቀጥሬ መለስኋቸው እንጂ። ሲመጡ ደግሞ ቀጠርኋቸው።»

«እንግዲያው ለሱም ሽማግሌ ላክበት።»

ቁራሌው እንዲህ ያለ ነገር አይቶ አያውቅምና ጆንያው ላይ ተቀምጦ ይጠብቅ ጀመር። ጋሽ ደምመላሽ መኪናዋን ጥላ ውስጥ አስገብቶ ቸርኬው እስኪበርድ ጠበቀ። በጋለ ብረት ላይ ሽማግሌ አይቀመጥም። ከዚያ ሦስቱን ላከ፤ ለብ ያለ ውሃን፣ እማማ እንዶድንና የአሮጌ ጋቢ ቁራጭን።

«ቤቶች! እንደምን ዋላችሁ?» አሉ።

«ሂዱልኝ!» አለ አያ ብናኝ።

አልሄዱም፤ ተቀመጡ። እማማ እንዶድ አረፋዋን ዘረጋች፣ ውሃ ቀስ ብሎ ገባ፣ ጋቢው ዳበስ አደረገው። የላይኛው አቧራ ለቀቀ። «ተመልሰን እንመጣለን» ብለው ተነሡ። ተመለሱ። እንደገና ተቀመጡ። የስንት በዓል ናፍጣ እየተንሸራተተ ወረደ። ለሦስተኛ ጊዜ ሲመለሱ የቀረው የታችኛው፣ ችክ ያለው ጥቁሩ ብቻ ነው።

«እኔ ግን አልነሣም!» አለ።

«ለምን ልጄ?» አለች እማማ እንዶድ። «አንተ መቼ ነው የመጣኸው?»

ይህን የጠየቀው ማንም አልነበረም። የአያ ብናኝ ድምፅ ተለወጠ።

«ትርንጎ ዳዴ ትታ መሮጥ የጀመረች ሰሞን ነው። ዶሮ ስታባርር ከበሩ ወጥታ መኪናዋ ፊት ድቅን አለች። ደምመላሽ ፍሬን ረገጠ። ረገጠ እንጂ ያቆማት እሱ አይደለም። ያቆማት የፍሬኑ ሸራ ነው፤ ብረቱን አንቆ፣ ራሱ ተፍቆ፣ ራሱ ነድዶ። መኪናዋ ስትቆም የልጅቷን ቀሚስ ጫፍ ነክታ ነበር። እኔ ያን ዕለት የተፋቅሁት ነኝ። ደምመላሽ ‹እግሬ ፈጣን ባይሆን ኖሮ!› እያለ ይኸው እስከ ዛሬ ያወራል። እኔን ያነሣኝ አለ? ቆሻሻ! ቆሻሻ! ዛሬ ደግሞ ለሷው ሰርግ አሳፋሪ ሆንሁ!»

ትርንጎ መጥታ ተንበረከከችና ቸርኬውን በሁለት መዳፏ ያዘችው።

«አላውቅም ነበር» አለች። «አንተ ባትኖር እኔም የለሁም፤ ሰርግም የለም።» እንባዋ እላዩ ላይ ጠብ አለ።

ጋሽ ደምመላሽም ባርኔጣውን አወለቀ። «እግሬ አይደለም» አለ። «አንተ ነህ። እግዜር ይስጥልኝ።»

«ይቺን ነበር የምጠብቀው» አለ አያ ብናኝ። «በሉ ሽማግሌዎች፣ ተነሥቻለሁ።»

ውሃው ይዞት ወረደ። ቸርኬው ቧጨራውም ለምጹም እንዳለ ሆኖ ፊት አሳየ። ቁራሌው ባዶ ጆንያውን ትከሻው ላይ ጥሎ ሄደ፤ ባሻ ይርዳው በሩን የዘጋው አቀርቅሮ ነው።

እሁድ እትዬ ሰማያዊት ሙሽራዋን ይዛ ወጣች። ሰፈርተኛው ከፊት ከፊት ይጨፍራል። ቁልቁለቱ ላይ ከጨፋሪዎቹ አንዷ ተደናቅፋ መኪናዋ ፊት ወደቀች። ጋሽ ደምመላሽ ረገጠ፤ ሸራው አነቀ፤ መኪናዋ ቀጥ አለች። ልጅቷ ቀሚሷን አራግፋ ጭፈራዋን ቀጠለች። በንጹሑ ቸርኬ ላይ ግን ቁንጥር ጥቁር ዱቄት አረፈ።

«ኧረ ወይኔ! ደግሞ መጣ!» አለ ቸርኬው።

«ዝም በል» አለችው እትዬ ሰማያዊት። «እንኳን ደህና መጣህ በለው። ዛሬ ከኛ ጋር ሰርግ ይብላ፤ ነገ ጠዋት በክብር ታጥቦ ይሄዳል።»

የዕለቱን በዕለቱ አመስግኖ ያላጠበ፣ ለዓመቱ ሽማግሌ ይልካል።

ተረቴን መልሱ፤ ዳቦውን ተዉትና ቸርኬያችሁን አብሱ። በናፍጣ ያበሰ ግን ተረት ንገሪኝ ብሎ ደጄ እንዳይደርስ!