የእንዶድ በር ደን ቀጠሮ

በየዓመቱ ጥቅምት በገባ በሰባተኛው ቀን ወደ እንዶድ በር ብቅ ያለ እንግዳ፣ ከገበያው ሜዳ ተነስቶ ደኑ ጥግ ድረስ የሚዘልቅ ሰልፍ ያያል። ከፊት ከአናቷ እስከ ቁርጭምጭሚቷ የዝግባ ቅጠል የለበሰች ሴት ትሄዳለች፤ ከኋላዋ ገላውን ሁሉ በቢጫ አበባ ሸፍኖ ሁለት ሰፌድ ለክንፍ ያህል በጀርባው ያሰረ ንብ፣ ጥቁርና ነጭ ደበሎ የደረበ ጉሬዛ፣ ላባ በላባ የሆነች ቆቅ፣ ስንደዶ በራሱ ላይ ያቆመ ጃርት፣ የሚያንጠባጥብ እንስራ የተሸከመች ምንጭ እያለ ሰልፉ ይቀጥላል። እንግዳው ደስ ብሎት ያጨበጭባል፣ ፎቶ ያነሳል። ሰልፈኛው ግን ፊቱን አኮማትሮ ነው የሚሄደው፤ ቅጠሉ ያሳክካል፣ ደበሎው ያልባል፣ ፀሐዩም አናት ይበሳል። ማምሻውን ለደኑ፣ ለአውሬውና ለውሃው ይዘፈናል፣ ጠላውም ይጠጣል፤ ከዚያ በፊት ግን «ምን በዓል ነው?» ብሎ ለጠየቀ ሰው መልሱ አንድ ነው፤ «በዓል አይደለም፣ ቀጠሮ አለብን» ይሉታል።

የቀጠሮው መነሻ፣ አባቶች እንደሚናገሩት፣ አትጠገብ የምትባል ሴት ናት። ባሏ የሞተባት፣ ከደኑ ግርጌ በምንጩ ውሃ ጌሾና ሽንኩርት እያለማች የምትኖር፣ እጇም አፏም የማያርፍ ሴት ነበረች ይባላል። በዘመኗ ደምለው የሚባል፣ አራት ጥማድ በሬ ያለው ባለጸጋ፣ ደኑን ከላይ በኩል እየመነጠረ ጤፍ መዝራት ጀመረ። ደኑ የማንም ስላልነበረ ተው የሚለው አልተገኘም። በመጀመሪያው በጋ የምንጩ ውሃ በግማሽ ቀነሰ፤ በሁለተኛው በጋ አንድ እንስራ ለመሙላት ግማሽ ቀን ቁጭ ማለት ግድ ሆነ። አትጠገብ ሦስተኛውን በጋ ከወዲሁ አሰላችው፤ ደኑ ካለቀ ምንጩ ማለቁ፣ ምንጩ ካለቀ እሷም ጓዟን ጠቅልላ ቀዬውን መልቀቋ ነውና።

ነጠላዋን አጣፍታ ጭቃ ሹሙ ወንድይፍራው ዘንድ ሄደች። ይህ ጭቃ ሹም የደምለውን እህት ያገባ ሰው ነው፤ እንግዲህ ፍርዱን ከወዲሁ መገመት ነው። እሱ ግን ብልጥ ነበርና አልፈርድም አላለም። ዛሬ ገበያ ነው፣ ለሰኞ ይሁን አላት። ሰኞ ስትመጣ አሞኛል አለ። ሌላ ጊዜ ለቅሶ አለ፣ ሌላ ጊዜ ጾም ነው፣ ሌላ ጊዜ ምስክር ጎደለ እያለ ሰባት ጊዜ ቀጠራት። ሰባቱንም ጊዜ እንደ ሞኝ ስትመላለስ እግሯ ነቃ፤ ሰባቱንም ጊዜ ወደ ቤቷ ስትመለስ የደምለው መጥረቢያ ከላይ ቋ፣ ቋ ሲል ትሰማለች። አቤት ስትል ጆሮ ዳባ ልበስ! ይህን ሲያወሩ የዛሬዎቹ ሽማግሎች ሳይቀሩ ደማቸው ይፈላል።

በስምንተኛው ቀጠሮ ደምለው ራሱ ችሎት መጣና ዓይኑን በጨው አጥቦ፣ ዛፉን ተክላው እንደሆነ፣ አባቷ አውርሷት እንደሆነ ጠየቃት። አይደለም አለች። «እንግዲያው ምን አገባሽ? በድዬው ከሆነ የተበደለው ራሱ ቆሞ ይክሰሰኝ» አላት። ሸንጎው በሳቅ ፈረሰ። ጭቃ ሹሙም የሚወጣበት ቀዳዳ ስላገኘ እፎይ አለ። በርግጥም የአገሩ ሥርዓት እንዲያ ነበር፤ የተበደለ ራሱ ካልቆመ ችሎት ነገር አይሰማም፤ የአትጠገብም ክስ ይኸው ከመጀመሪያው እንዳልቀረበ ተቆጠረ።

እንደሚነገረው፣ አትጠገብ አንጀቷ አርሮ እያለቀሰች ቤቷ ገባች፤ ያለቀሰችውም ከኀዘን ይልቅ ከንዴት ነበር። በማግስቱ ማለዳ ደምለው ወደ ቆረጣቸው ዝግባዎች ወጥታ የወደቀውን ቅርንጫፍ ለቃቀመች፣ በገመድ ከገላዋ ጋር አሰረችው፣ ፊቷን ሳይቀር በቅጠል ጋረደችና እየተንኮሻኮሸች ችሎቱ መካከል ገብታ ቆመች።

«በሕግ አምላክ! የተበደልኩት ዝግባዋ እኔ ነኝ። ትቁም ተባልኩ፣ ይኸው ቆምኩ» አለች።

ሳቁ ዳግመኛ ተነሳ፤ ደምለው ግን አልሳቀም። ሥርዓት ያውቃል። እንግዲያው እንደማንኛውም ከሳሽ ዋስ ትጥራ አለ፤ በቀጠሮዋ ቀን እንደምትቀርብ የሚዋስላት ሰው ከሌለ ክሱ አይጸናም። የዛፍ ዋስ ከየት ይመጣል ብሎ ነው። ይሁንና ገብረየስ የሚባል ቀፎ ሰቃይ ከጥግ ተነሳ። በዚያ ዓመት ደምለው ከነዛፋቸው የጣላቸው ስድስት ቀፎዎች ነበሩት፤ እስከዚያች ቀን ግን ምላሱን ውጦ ነበር የኖረው። ከሜዳው ቢጫ አበባ ነጭቶ ጥምጥሙ ላይ ሰካና ንብ ነኝ፣ እኔ እዋሳታለሁ አለ። ደምለው ለዋሱም ዋስ ይጠራ ብሎ ጮኸ። አንዱ ደበሎውን ገልብጦ ጉሬዛ ሆኖ ለንቡ ተዋሰ። ለጉሬዛው ቆቅ፣ ለቆቋ ድኩላ፣ ለድኩላው ጃርት እየተዋሱ፣ ቅድም ሲስቁ የነበሩት ሁሉ አንድ በአንድ ተነሱ፤ ከምንጩ የምትቀዳ ሴት ደግሞ እንስራዋን እንዳዘለች የሁሉም መጨረሻ ሆና ቆመች። ተቀምጠው የቀሩት ደምለውና ጭቃ ሹሙ ብቻ ነበሩ ይባላል።

ጭቃ ሹሙ ላብ አጠመቀው። ለዛፍ ቢፈርድ ሚስቱ ቤት አታስገባውም፣ ለደምለው ቢፈርድ አገሩ አያስቀምጠውም። ጉሮሮውን ሦስት ጊዜ ጠራረገና ነገሩ ሰፊ ነው፣ መመርመር ያሻዋል ብሎ ለከርሞ ጥቅምት ሰባት ቀጠረ።

አትጠገብ በዚህ ጊዜ ነው ያበደችው። ቅጠሉን ከላይዋ እየቦጨቀች ጭቃ ሹሙ እግር ሥር ወረወረችበት።

«ለፍርድ ነው የመጣሁት! ቀጠሮ ቤቴ ሞልቶኛል! ወይ ውሰደው በለው፣ ወይ ተው በለው፤ አንዱን ተናገር!»

ጭቃ ሹሙ ግን በቅሎው ላይ ወጥቶ ነበር። ገብረየስ የወረወረችውን ቅጠል እየለቀመ ተከትሏት ሄደና፣ ነገሩ እኮ ዛሬ ችሎት ገባ፣ ክርክር ያለበት ነገር ደግሞ እስኪፈረድ ድረስ ማንም እጁን አያስገባበትም፣ ደምለው ከእንግዲህ አንዲት ቅርንጫፍ ቢነካ ሕግ ደፋሪ ይሆናል አላት። ቀጥሎም ክፉውን ነገራት፤ በቀጠሮው ቀን የቀረ ሰው፣ ከሳሽም ይሁን ዋስ፣ የቆመለትን ይዞ ተረታ ማለት ነው።

«ታዲያ ዕድሜ ልኬን ቅጠል ለብሼ ልመላለስ?» አለችው።

«ትመላለሻለሽ እንጂ፤ እኛም እንደዚያው» አላት።

አልተጽናናችም። ሃያ ሁለት ዓመት ተመላለሰች፣ ሃያ ሁለቱንም ዓመት ፍርድ ጠየቀች፣ ሃያ ሁለቱንም ዓመት ለከርሞ ተባለች። ምንጩ ሞልቶ ጌሾዋ ደጇን ሲሸፍነው እንኳ የምታነሳው ያልተፈረደላትን ፍርድ ነበር። የሞተችው በቀጠሮው ሳምንት ነው ይላሉ፤ ቅጠሉን በእሷ ፋንታ የለበሰችው የወንድሟ ልጅ ስትመለስ አትጠገብ «ተፈረደ?» ብላ ጠየቀቻት፤ ለከርሞ ነው ስትላት «እናንተም እንግዲህ ቻሉት» ብላ ወደ ግድግዳው ዞረች። ከዚያ ወዲህ የመጣ ሹም ሁሉ ነገሩን መንካት ፈርቶ ለተከታዩ እያስተላለፈ እዚህ ደርሷል። የደምለው ዘሮችም እንደ ተከሳሽነታቸው መጥረቢያቸውን ይዘው በየዓመቱ ይቀርባሉ፤ እነሱም ሰልችቷቸዋል።

ይህን ሁሉ መሰልቸት ሰው ለምን ይሸከማል ቢባል፣ የድኩላውን ነገር ይናገራሉ። የድኩላውን ቀንድ የሚለብሱት ቤተሰቦች አንድ ዓመት በቀጠሮው ቀን ሠርግ ገጠማቸው። ለአንድ ቀን ብንቀር ምን ይመጣል አሉ። በማግስቱ ማለዳ የደምለው የልጅ ልጆች መጥረቢያቸውን ይዘው ድኩላ ወደሚያድርበት የታችኛው ጥሻ ገቡ፤ ድኩላው ቀርቶ ተረትቷልና ተው የሚላቸው አልነበረም። በሦስት ቀን ጥሻው ማሳ ሆነ። በዓመቱ ያ ቤተሰብ ቀንዱን ወልውሎ ከሁሉ ቀድሞ ቢመጣ፣ ችሎቱ አልተቀበለውም።

ዛሬም ሰልፉ ደኑ ጥግ ሲደርስ በስም ይጠራል። ዝግባ ሲባል ሴትዮዋ አለሁ ትላለች፤ ንብ ሲባል፣ ጉሬዛ ሲባል፣ ቆቅ ሲባል አለሁ ይባላል። ከቆቋ ቀጥሎ ጠሪው ድኩላ ብሎ ሦስት ጊዜ ይጣራል፤ የዚያ ቤት ሰዎች ያለ ቀንድ ባዶ ራሳቸውን ከዳር ቆመው ይሰሙታል፣ አለሁ ማለት ግን አይፈቀድላቸውም።