የኋለኛዋ ትንሽ ጋን

በኮሪያ ደቡብ፣ ከተራራ ሥር ባለች አንዲት መንደር፣ ሽማግሌዎች ጽዳት የሚያበዛ ሰው ሲያዩ ያመሰግኑታል ብላችሁ እንዳትጠብቁ። ራሳቸውን ነቅነቅ አድርገው አንዲት አባባል ጣል ያደርጉና መንገዳቸውን ይሄዳሉ። ሰምቶ የሚስቅ እንግዳ አይጠፋም። የመንደሩ ሰው ግን አባባሏ ከየት እንደመጣች ስለሚያውቅ አይስቅም።

ነገሩ የሆነው ሱንሬ የምትባል ልጅ ከወደብ ከተማ ተድራ በመጣች በሁለተኛው ዓመት ነው። ሱንሬ ያደገችው አክስቷ ምግብ ቤት ውስጥ፣ ስጎ በጠርሙስ ከሱቅ በሚገዛበት አገር ነበር። ባሏ ማንሱ ደግ ሰው ነው። እናቱ እማማ ኦክቡን ግን ቃል የሚቆጥቡ ሴት ነበሩ፤ ምራታቸውን ሰድበዋት አያውቁም፣ አመስግነዋትም አያውቁም። ሩዙን ብታሳምር፣ ኪምቺ የሚሉትን የኮመጠጠ ጎመን ብታጣፍጥ፣ በልተው ይነሳሉ እንጂ «እጅሽ ይባረክ» የምትባል ነገር ካፋቸው አትወጣም። ልጅቱ ያቺን ቃል እንደ እህል ተራበች።

በዚያ አገር ከጓሮ፣ ፀሐይ በሚያገኘው መደብ ላይ ጋኖች ይደረደራሉ። በውስጣቸው አኩሪ አተር በጨው ውሃ ተዘፍዝፎ ለወራት ይብላላና ስጎ ይሆናል፤ የቤቱ የወጥ ጣዕም ሁሉ ከዚያ ነው። የምራት ጠባይ በጋኗ ይታያል ስለሚባል፣ ሱንሬ በየማለዳው ጋኖቹን ከላይ እስከ ታች ትወለውላለች። ከኋላ ጥግ ያለችውን ትንሿን ጋን ግን የሚከፍቷት እማማ ኦክቡን ብቻ ነበሩ። ለምን እንደሆነ አልነገሯትም፣ እሷም አልጠየቀችም። አማትን ደፍሮ መጠየቅ የት አገር አለ?

የመኸር በዓል ሲቃረብ አሮጊቷ የታመሙ እህታቸውን ሊጠይቁ ሄዱ። ሱንሬ ጊዜው አሁን ነው ብላ ታጥቃ ተነሳች። ወለሉን አጠበች፣ በመስታወት ፋንታ መስኮቱ ላይ የሚለጠፈውን ወረቀት ቀየረች፣ በመጨረሻ የኋለኛዋን ጋን ከፈተች። ከታች ስንዝር የማይሞላ ጥቁር ዝልግልግ ነገር ተኝቷል፤ ላዩ ነጭ ሻጋታ ለብሷል፣ ሥሩ እንደ ጠጠር ደርቋል። በአክስቷ ምግብ ቤት ቢሆን እንዲህ ያለ ጋን ያስገርፋል። ዓይናቸው ደክሞ ሳያዩት ቀርተው ነው ብላ ለአማቷ አዘነችላቸው።

ከአጥሩ ሥር ደፋችው። የደረቀውን ፈቅፍቃ አወጣች፣ ጋኗን በጭድ ጭስ አጠነቻት፣ የዘንድሮውንም ስጎ ሞላችባት። ከዚያ ሁለት ቀን ሙሉ ዝናብ ጣለ። የቸኮለች አፍሳ ለቀመች ይባላል፤ ሱንሬ ያፈሰሰችው ግን የሚለቀም አልነበረም።

አሮጊቷ የተመለሱት በበዓሉ ዋዜማ ነው። የሚያብረቀርቀውን ቤት ዞር ዞር ብለው አዩ፣ ወለሉን በመዳፋቸው ዳሰስ አደረጉና፣ «እጅሽ ይባረክ፣ ልጄ» አሏት። ሱንሬ ጓዳ ገብታ በደስታ አለቀሰች። ያቺ ቀን በዚያች ቃል ብታበቃ ምን ነበረበት!

በማግስቱ ማለዳ ለሞቱት የቤቱ ሰዎች ማዕድ ቀረበ። እንደ ወጉ ሩዙ ላይ ማንኪያ ተተከለ፣ ሙታኑ እንዲገቡ በሩ ገርበብ ተደረገ። ሙታኑ ብቻቸውን እንዲበሉ ቤተሰቡ ከክፍሉ ከመውጣቱ በፊት እማማ ኦክቡን የጎደሬውን ሾርባ ቀመሱ። ማንኪያውን አስቀምጠው ወደ ሱንሬ ዞሩ።

«ከየትኛው ጋን ነው የጨመርሽበት?»

«ከኋለኛዋ፣ እማማ። አጽድቼ አዲስ ሞልቼባት ነበር።»

«የነበረውስ?»

«ተበላሽቶ ነው... ደፋሁት።»

አሮጊቷ አልጮኹም። ተቀመጡና፣ በሁለት ዓመት ውስጥ ያላወሩትን ያህል በአንድ ጊዜ አወሩ። ጦርነቱ መጥቶ የቀድሞ መንደራቸው ሲቃጠል፣ ከቤታቸው ይዘው የወጡት ብርድ ልብስም ወርቅም አልነበረም፤ ያችን ጋን በራሳቸው ላይ ተሸክመው ወጡ። በውስጧ ያለው እርሾ ነበር። አማታቸው ከአማታቸው ተቀብለው ለእሳቸው ያወረሱት፣ በየዓመቱ አዲሱ ስጎ ከላዩ እየተጨመረበት፣ ሳይቋረጥ የኖረ እርሾ። ሁለቱ ታላላቅ ልጆቻቸው፣ የማንሱ ወንድሞች፣ በዚያው የስደት መንገድ ላይ ለጦር ተወሰዱና በዚያው ቀሩ።

«መቃብር የላቸውም» አሉ። «ቤቱ ያ ቤት አይደለም፣ መንደሩም ያ መንደር አይደለም። ልጆቼ ከዚህ ቤት የሚያውቁት ጣዕሙን ብቻ ነበር። እንግዲህ በምን ያውቁታል?»

አሮጊቷ ጎድጓዳ ሳህን አንስተው ወጡና ከአጥሩ ሥር ተንበረከኩ። ዝናብ ያጠበውን አፈር በጣታቸው እየጫሩ ወደ ሳህኑ ይዝቁ ጀመር። ውሃ ጨመሩበት፣ በነጭ ጨርቅ አጠለሉት፣ ቀመሱት። ጭቃ ነው። ሌላ ጫሩ። እሱም ጭቃ ነው። ሱንሬ ከጎናቸው ተንበርክካ በጥፍሯ ትቆፍር ጀመር፤ ጥፍሯ ሲደማ እንኳ አልታወቃትም።

«ያልነገርኩሽ እኔ ነኝ» አሉ እማማ ኦክቡን፣ ዓይናቸውን ከአፈሩ ሳያነሱ። «የመጀመሪያ ልጅሽን ስትወልጂ ላስረክብሽ ነበር።»

ሱንሬ ይህን ከምትሰማ በዱላ ቢመቷት ትመርጥ ነበር።

በዚህ መሐል ጎረቤታቸው ሽማግሌው ፓክ እንኳን አደረሳችሁ ሊሉ መጡ። ያኔ በስደቱ ጊዜ ጋኗ ከእማማ ኦክቡን ራስ ላይ እንዳትወድቅ በገመድ ያሰሩላቸው እሳቸው ነበሩ። ሳህኑን አዩ፣ ጨርቁን አዩ፣ ምን እንደተደፋ መጠየቅም አላስፈለጋቸውም። ጣታቸውን በተጠለለው ውሃ ነክረው ቀመሱና እንትፍ ለማለት አፍረው ዋጡት። ዞር ሲሉ ገርበብ ባለው በር በኩል ቤቱ ይታያል፤ ወለሉ ያበራል፣ የመስኮቱ ወረቀት ነጭ ነው፣ ማንኪያ የተተከለበት ሩዝ ግን ማንም ሳይመጣለት ቀዝቅዟል።

ሽማግሌው ባርኔጣቸውን አወለቁ፣ ማንንም ሳይወቅሱ፣ ለራሳቸው እንደሚናገር ሰው ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው፣ «እርሾ ደፍታ ጋን ያጠበች፣ በንጹህ ቤት አለቀሰች» አሉ።