ጓንቱን የበላው ጅብ

አንድ ጊዜ አንበሳ ከወንዝ ዳር ያለውን ጥሻ አስመንጥሮ የቲማቲም ጓሮ ሊያደርገው አሰበ። ሥጋ በል ጌታ ቲማቲም ምን ይሠራለታል እንዳትሉኝ። እመት አንበሲት «ከእንግዲህ ቲማቲም የሌለው ጥብስ በጉሮሮዬ አይወርድም» ብላለች፤ ሚስቱን ተከራክሮ የረታ አንበሳ ደግሞ እስካሁን አልተወለደም። ስለዚህ አንበሳ በአገሩ ወግ ደቦ ጠራ። ጠላ ተጠመቀ፣ ሰንጋ ተጣለ፣ ችግኝ ሲተክል የዋለ ሁሉ ማታ ከጌታው ገበታ እንደሚቀርብ ታወጀ።

አዋጁን ከሁሉ ቀድሞ የሰማው አያ ጅቦ ነበር። በዚያ ሰሞን ቀንቶት አያውቅም። ጥንብ ጠፍቶ፣ አጥንት ጠፍቶ፣ ሆዱ ከጀርባው ተጣብቆ ነበር የሰነበተው። «ሰንጋ» የሚለውን ቃል ሲሰማ ጆሮው በዚያው ተደፈነና «ችግኝ» የሚለው ሳይገባው ቀረ። ጎህ ሳይቀድ ወንዝ ዳር ደርሶ «ሥጋው ወዴት ነው?» ብሎ ሲጠይቅ አካፋ አስጨበጡት።

እንግዶቹ ሲሰበሰቡ አንበሳ ተነሥቶ ሥርዓቱን ተናገረ።

«በአንድ መደብ አብረው የተከሉ ማታ በአንድ ገበታ አብረው ይበላሉ። በእኔ ቤት የሚበላው በእጅ ነው። አፉን ገበታ ውስጥ የሚነክር ባለጌ ካለ ከማዕዴ ይነሣል።»

ሁሉም ዞር ብለው አያ ጅቦን አዩት። እሱም ዞር ብሎ ከኋላው ማን እንዳለ አየ።

ከአያ ጅቦ ጋር ገበታ መቅረብ ጦም ማደር እንደሆነ አገር ያውቃል። ስለዚህ መደብ ሲከፋፈል አህያ ውኃ ልቀዳ ብላ ሸሸች፣ ከርከሮ እግሬን አሞኛል አለ፣ ሌላውም ሌላውም ሰበብ አገኘ። ዘግይታ የመጣችው ቀበሮ ብቻ ማምለጫ አጣች። ከአያ ጅቦ ጎን ቆመችና መጀመሪያ አፉን፣ ቀጥሎ እጁን አየች። ከዚያ በኋላ ምንም አልከፋትም።

የደቦው አለቃ አባ ጃርት ነበሩ። ዕድሜያቸውን ሙሉ የሰው ጓሮ ሲዘርፉ የኖሩ ናቸውና ስለ ጓሮ ከእሳቸው በላይ የሚያውቅ አልተገኘም።

«ችግኙን ከነአፈሩ አንሡት» አሉ አባ ጃርት፤ «ሥሩ ከተራቆተ ነገ ጠውልጎ ታገኙታላችሁ። ጉድጓዱን ጠለቅ አድርጉ፣ እስከ ታችኛው ቅጠል ቅበሩት፣ ዙሪያውን በመዳፋችሁ ጠቅጠቅ አድርጉና ውኃ አጠጡ። መሬቱ ግን ገና ከጥሻ መውጣቱ ነው። ሳማውም የአጋሙም እሾህ አፈር ውስጥ ተቀብሮ ነው ያለው። እጃችሁን ሳትሸፍኑ እንዳትነኩት። ማታ የምትበሉበት እጅ ነው።»

ይህን ብለው ለእያንዳንዱ ጥንድ ጥንድ ጓንት አደሉ። ጓንቱ ከጌታው የበሬ ቆዳ ተሰፍቶ፣ እንዲለሰልስ በቅቤ የታሸ ነበር። አያ ጅቦ ጋ ሲደርሱ አባ ጃርት ትንሽ አመነቱ። ዘመዱ ቁርበት አንጥፉልኝ ያለው በማያውቁት አገር ነው፤ ይህኛውን ግን ሁሉም ያውቀዋል። ደግሞም ሥርዓት ነውና ሰጡት። «ማታ ትመልሳለህ» አሉት ጠበቅ አድርገው።

አያ ጅቦ ጓንቱን አጥልቆ ችግኝ ሊያነሣ ጎንበስ አለ። ቀበሮ ግን አልጎነበሰችም። እጇን ወደ አፍንጫዋ አስጠግታ ዓይኗን ጨፈነች።

«አያ ጅቦ፣ እንዲያው ይህ የሚያውደኝ ምንድን ነው?»

«የቱ?»

«የጓንቱ ሽታ። የሰባ በሬ ቆዳ፣ ያውም ቅቤ የጠጣ። እንዲህ ያለው ነገር አፈር ውስጥ ሲገባ ሳይ አንጀቴን ይበላኛል። ምን ይደረግ፣ አባ ጃርት ያሉት ነው።»

ይህን ብላ ሥራዋን ቀጠለች። አያ ጅቦ ግን ወዲያ ወዲህ አየና ጓንቱን አንድ ጊዜ ላስ አደረገው። መላስ መብላት አይደለም። ቀጥሎ አውራ ጣቱን ቀረጠፈ፤ አራት ጣት የቀረው ጓንትም ያው ጓንት ነው። ትንሽ ቆይቶ አራቱ ጣቶች ያለ ታላቃቸው ሲያያቸው አሳዘኑትና ወደ እሱ ሰደዳቸው። የቀኙ ካለቀ የግራው ብቻውን ምን ሊረባ ነው ብሎ እሱንም አስከተለ። ለቀናት ባዶ የነበረ ሆዱ ምን እንደመጣበት እንኳን ሳያውቅ ቆዳው ወረደ።

«ጓንትህስ?» አለች ቀበሮ ቀና ብላ።

«ጓንት እንዳንቺ ላለች ለስላሳ ነው። የእኔ እጅ የዱር እጅ ነው።»

«እሱስ እውነትህን ነው» አለች። «በል እንግዲያው ከዚያ ከጥጉ ጀምር።»

ጥጉ ሳማ የበዛበት ነበር። አያ ጅቦ እጁን አፈር ውስጥ እንደከተተ ሳማው ለበለበው። ዘሎ ወደዚህ ሲመጣ አጋሙ ወጋው። የወጋውን ሲነቅል የነቀለበት እጁ ሌላ ሳማ ነካ። ሲያክከው የባሰ ነደደ፣ ሲልሰው ምላሱ ነደደ። ግን ሰንጋው አለ። ሰንጋውን ባሰበ ቁጥር ጥርሱን ነክሶ አንድ ችግኝ ይተክላል፤ ደግሞ ያለቅሳል፣ ደግሞ ይተክላል። ፀሐይ ስታዘቀዝቅ እጁ አብጦ፣ ቆዳው ተሰነጣጥቆ፣ በቲማቲም ቅጠል ጭማቂ ጠቁሮ የራሱ አልመስል አለው።

አባ ጃርት ጓንት ሊሰበስቡ መጡ። አያ ጅቦ እጁን ከኋላው ደበቀ።

«የእሱ ወንዝ ዳር ተሰጥቷል» አለች ቀበሮ፣ ሳትጠየቅ። «አጥቦት ነው፤ ሲደርቅ ያመጣዋል።»

አባ ጃርት ሲሄዱ አያ ጅቦ ዕንባው መጣ። «እመት ቀበሮ፣ ውለታሽን በምን እከፍላለሁ?»

«ምንም አይደል። የጌታችንን ቆዳ በላህ ከተባለ የሚቀጥለው ጓንት ከማን ቆዳ እንደሚሰፋ እኔ አላውቅም። ብቻ እጅህን ለማንም አታሳይ፣ እህ ብለህም አታቃስት።»

ገበታው ቀረበ። ቀይ ወጡ ይንተከተካል፣ ጥብሱ ሚጥሚጣ ተነስንሶበታል፣ አጥንቱ በቅልጥም ሞልቷል። የአያ ጅቦ ምራቅ ደረቱ ላይ ተንጠባጠበ። ጨለም ሲልለት እጁን ሹልክ አድርጎ ወጡ ውስጥ ከተተ። በርበሬው ቁስሉን ሲያገኘው እስከ ጭራው ድረስ ተንዘረዘረ።

«አያ ጅቦ፣ ምነው?» አለ አንበሳ ከላይ።

«እየጸለይኩ ነው ጌታዬ።»

ቀበሮ በሐዘኔታ አየችው። «ምነው ሳለሁልህ፣ ላጉርስህ እንጂ።»

ጠቀለለች። የሽንብራ ፍሬ የምታህል ጉርሻ ነበረች፤ አያ ጅቦ መዋጡን እንኳን አላወቀም። እሱ አፉን ከፍቶ ሁለተኛውን ሲጠብቅ እሷ ለራሷ አንድ ትልቅ፣ ደግሞ አንድ ትልቅ ጎረሰች። «አንድ ጉርሻ ያጣላል» ብላ እንደገና አጎረሰችው፤ የአሁኗ ከፊቷም አነሰች። ቅልጥሙን ስትመጥ ዓይኑ ፈጦ ይከተላታል። አፉን ወደ ገበታው ዝቅ ሲያደርግ «ጌታችን ያዩሃል» ትለዋለች፤ ቀና ይላል። እንዲህ እንዲህ እያለ ሥጋው አለቀ፣ ወጡም ተጠረገ። ያ ቀኑን ሙሉ እጁ የነደደለት ሰንጋ ከፊቱ ተነሥቶ ቀበሮ ሆድ ገባ።

አንበሳ ይህን ሁሉ በደስታ ሲያይ ነበር። «እናንተ፣ ፍቅርን ከእነዚህ ተማሩ» አለ ለእንግዶቹ። «ጅብ አፉን ሰብስቦ በጉርሻ ሲበላ አየሁ። ከእንግዲህ ብሞት አይቆጨኝም።»

በመጨረሻም እንደ ባለቤት ወግ ተነሥቶ ጠየቀ። «አያ ጅቦ፣ ጠገብክ?»

አያ ጅቦ አንበሳን አየ፣ አባ ጃርትን አየ፣ ከጀርባው የተደበቁትን እጆቹን አሰበ። ጠገብኩ ማለት እንደዚያን ቀን ከብዶት አያውቅም።

«ሞልቶ ተርፎኛል ጌታዬ» አለ።

ይህን ከማለቱ ሆዱ ጉርርር ብሎ ጮኸ። ከግራር እስከ ግራር ተሰማ። አህያ ጆሮዋን አቆመች፤ አንበሳ ቀና ብሎ ወደ ሰማይ አየ።

«ሰማችሁ? ነጎድጓድ ነው። ችግኞቻችን ዛሬውኑ ዝናብ ሊያገኙ ነው።»

እንግዶቹ እልል አሉ። ሰማዩ ጥርት ብሎ ኮከብ ሞልቶበታል። አያ ጅቦ አንገቱን ደፍቶ «አዎ ጌታዬ፣ ሊዘንብ ነው» አለ፤ ዕንባውም ጠብ ጠብ አለ።

ከዚህ የምንማረው ለእጃችን መጠበቂያ የተሰጠንን ለሆዳችን ያደረግን ዕለት፣ እጃችንም እንደሚቆስል፣ ሆዳችንም ባዶውን እንደሚያድር ነው።