ግመሎቹ ካልጠጡ ግምጃ ቤቱ አይከፍልም

ስሙኝማ! ጆሮ ለጉትቻ ብቻ አልተሰጠም።

ከባሕር ማዶ የመጡ ፈረንጆች በሚገዟት በአንዲት የጨው አገር መዲና የምትባል ሴት ነበረች። ያላት አንዲት ፍየል ናት። ፍየሏ መንታ ወልዳ፣ በውሃ ጥም ጡቷ ደረቀ። ግልገሎቹ ሲጮኹ መዲና ባልዲዋን አንጠልጥላ ወደ መንግሥት ጉድጓድ ሮጠች።

"አባ ሑመድ፣ ገመዱ የት አለ?" አለችው ዘበኛውን።

"ተበጠሰ ልጄ። ግምጃ ቤት ካልገዛ ከየት ይመጣል?"

ግምጃ ቤት ሄደች። "ጌታዬ፣ ገመድ ባልዲ አያወርድ፣ ባልዲ ውሃ አይቀዳ፣ ፍየሌ አትጠጣ፣ ግልገሎቼ አይጠቡ። ገመድ ይግዙልን!"

"ገቢ ሳይገባ ወጪ አይወጣም" አለ ሹሙ። "የዘንድሮ ካዝና ባዶ ነው። ጉምሩክን ጠይቂ።" የገዥው ሰገነት ግን በዚያው ቀን ቀለም ይቀባ ነበር። የቀለሙ ገንዘብ ከየት እንደመጣ እግዜር ይወቅ።

ወደ ጉምሩኩ ኬላ ሄደች። "ጌታዬ፣ ጉምሩክ ለግምጃ ቤት አይሰጥ፣ ግምጃ ቤት ገመድ አይገዛ፣ ገመድ ባልዲ አያወርድ፣ ባልዲ ውሃ አይቀዳ፣ ፍየሌ አትጠጣ፣ ግልገሎቼ አይጠቡ። ቀረጥ ይሰብስቡ!"

"ጨው የጫነ ግመል ካላለፈ ከነፋስ ልቅረጥ?" አለ የጉምሩኩ ሹም። "ግመለኛውን ጠይቂ።"

ግመለኛውን ያዮን ከነግመሎቹ ጉድጓዱ አጠገብ ተቀምጦ አገኘችው። "ወንድሜ ያዮ፣ ግመል ኬላ አያልፍ፣ ጉምሩክ ለግምጃ ቤት አይሰጥ፣ ግምጃ ቤት ገመድ አይገዛ፣ ገመድ ባልዲ አያወርድ፣ ባልዲ ውሃ አይቀዳ፣ ፍየሌ አትጠጣ፣ ግልገሎቼ አይጠቡ። ኧረ ተነሥ!"

"እኔስ በተነሣሁ! ግመሎቼ ካልጠጡ አይነሡም። ጉድጓዱ ደግሞ ገመድ የለውም።"

መዲና ሳቋ መጣ። ዞራ ዞራ እዚያው! ሳቋን ሳትጨርስ ዓይኗ ጨው የታሰረበት መጫኛ ላይ አረፈ።

"ይሄ ሁሉ ጠፍር ታዲያ ምንድን ነው?"

"እንዳትነኪው! ከኬላ በፊት ጭነት ከፈታሁ ጨው ደበቅህ ብለው ይወርሱኛል።"

"እንግዲያው ኬላው ራሱ ይምጣ!" ብላ ወደ ጉምሩኩ ሹም በረረች። "ጌታዬ፣ ቀረጥዎ ጉድጓዱ ዳር ተንበርክኮ ይጠብቅዎታል። ይምጡና ይጠብቁት።"

ቀረጥ ሲባል ሹሙ ባርኔጣውን እንኳ አልደፋም። መጥቶ፣ ማንም እንዳይደብቅበት ጨው ላይ ጉብ አለ። መጫኛው ተፈታ፣ ጫፍ ለጫፍ ተቋጠረ፣ ባልዲው ወረደ። የመጀመሪያውን ባልዲ ማን ጠጣ? ፍየሏ ናታ! መዲና ምን ቆርጧት ሌላ ታስቀድማለች?

ከዚያ ግመሎቹ ጠጡ። መጫኛው ተመለሰላቸው፣ ጨው ጫኑ፣ ተነሡ፣ ኬላ አለፉ። ጉምሩክ ለግምጃ ቤት ሰጠ፣ ግምጃ ቤት ገመድ ገዛ፣ ገመድ ባልዲ አወረደ፣ አገሩ ሁሉ ቀዳ።

የግምጃ ቤቱ ሹም አዲሱን ገመድ ይዞ መጥቶ ደረቱን ነፋ። "መንግሥት ውሃ አጠጣችሁ። አመስግኑ!"

"እናመሰግናለን ጌታዬ" አለች መዲና። "እርስዎም ግመሎቹን ያመስግኑ።"

ግልገሎቹ ጠብተው ተኙ፤ ተረቴም አብራቸው ተኛች።