ለያዘው ይሁን

በአንድ ወቅት ሦስት ወንድማማቾች በአንዲት የብር አበባ ምክንያት ተለያዩ። የተለያዩት በአባታቸው ሰልስት ዕለት ነው፤ ከዚያ ወዲህ በአንድ ገበታ አልቀረቡም።

አባታቸው ጋሽ ቸኮል በደብረ ታቦር ገበያ ጥግ፣ ከአንዲት ጠባብ ሱቅ ውስጥ ብር እያነጠሩ መስቀል፣ አምባርና ጉትቻ የሚሠሩ ባለ እጅ ነበሩ። ገበያተኛው ጌጡን ይወዳል፤ የሠራውን እጅ ግን ይሸሻል። ልጆቹ ይህን ሳያድጉ ነው ያወቁት። በክፉው ዘመን እናታቸው የአንገት ድሪዋን ፍሬ በፍሬ እየሸጠች አበላቻቸው። የቀረቻት መካከለኛዋ ብቻ ነበረች፤ ሰማያዊ ቀለም የለበሰች የብር አበባ። እናት ስትሞት አበባይቱ ለአባት ቀረች። አባትም ዓይናቸው ከጠፋ በኋላ ሲዳብሷት ከእጃቸው ወደቀች። ለሁለት ተሰበረች፤ ቀለሟም ተፈረፈረ።

«ሳልሞት ደህና ሆና ልዳብሳት» አሉ ጋሽ ቸኮል።

ታላቁ ቢተው ዕድሜውን ሁሉ ከአባቱ ወናፍ ያልተለየ ነው። ሁለቱን ስባሪ ገጠመና በብር ብየዳ አያያዛቸው። በቆርቆሮ ቢበይድ ይቀለው ነበር፤ ግን ቆርቆሮ ሁለተኛ እሳት አይችልም። መጋጠሚያውን በሞረድ አለሰለሰ፤ ከዚያ በጥፍሩ ፈተሸው። ጥፍሩን የሚያስቆም ነገር አላገኘም።

«ያዘ» አለ።

በዚያ ሱቅ ከዚህ የበለጠ ሙገሳ አልነበረም። ብየዳ ሲገጥም «ያዘ» ነው፤ ቀለም ብሩ ላይ ሲያርፍም «ያዘ» ነው።

መካከለኛው አስረስ ሌላ ከተማ ሄዶ የኢናሜል ሥራ ተምሮ የመጣ ነው። ኢናሜል የመስታወት ዱቄት ነው፤ ብር ላይ ተደርጎ እሳት ሲገባ ይቀልጥና ቀለም ይሆናል።

«እሳት አታግባት፤ የኢናሜል እሳት ብርቱ ነው፣ የብር ብየዳም ይለቃል» አለው ቢተው።

«ሰማያዊው ከሌለማ የእናታችን ምኗ ናት፣ አያ? ደግሞ ስምህ ቢተው ነው፤ ተወው እንጂ።»

አስረስ ርጥቡን ዱቄት በዶሮ ላባ አለበሳትና ከፍሙ መሐል አስገባት። ዱቄቱ መጀመሪያ ጠቆረ፤ ኋላ እንደ ውሃ አብለጨለጨ። ብየዳው አልለቀቀም።

«ያዘ» አለ አስረስ፣ ወንድሙን ሳያይ።

በጉጠት ሲያወጣት ግን ከጉጠቱ አፍ ሾለከች። ከሥሯ የውሃ ባልዲ ነበር። ባልዲውን እዚያ ያኖረው ቢተው ነው። ብር ሠሪ የጋለ ብር ውሃ ውስጥ ይነክራል፤ እጁ ስለለመደ እንጂ አስቦበት አልነበረም። ኢናሜል የለበሰ ብር ግን በትኩሱ ውሃ ካገኘው ቀለሙ እንደ እንቁላል ቅርፊት ይረግፋል።

ትንሹ ታከለ ሙያውን ጠልቶ ጋሪ የሚነዳ ነው። ያን ቀን አባቱን ሊጠይቅ ቢመጣ ወናፍ ንፋ ብለውት እምድጃው አጠገብ ተቀምጧል። ስትወድቅ አየ፤ እጁን ሰደደ። ከውሃው በላይ በባዶ መዳፉ ቀለባት። አልጣላትም፤ ጡብ ላይ አስቀመጣት።

«ያዝኳት» አለ። ያ መዳፍ ዳግም አልተዘረጋም። በሰማያዊው ላይም የአውራ ጣቱ ጉድጓድ ቀረ።

አበባይቱ ስትቀዘቅዝ ለጋሽ ቸኮል ሰጧቸው። መጋጠሚያውን በጣታቸው ፈለጉ፤ አጡት። ቀለሙን ዳበሱ። ጉድጓዱ ላይ ሲደርሱ ጣታቸው እዚያ ቆየ።

«ሱቁ ለያዘው ይሁን» አሉ።

«ለየትኛው፣ አባዬ?» አለ ቢተው።

ሽማግሌው እንቅልፍ ወስዷቸው ነበር። አልነቁም።

በሰልስቱ ለቀስተኛ ሲመለስ ሦስቱ ሱቁ ውስጥ ቆሙ።

«ብየዳዬ ባይዝ የምታለብሰው ነገር አልነበረህም» አለ ቢተው።

«እኔ ባላለብሳት አባዬ የዳበሱት ራቁት ብር ነበር» አለ አስረስ። ወደ ታከለም ዞረ፦ «አንተ ደግሞ ጣትህን አትመህ አበላሸሃት፣ ባለ ጋሪው።»

ታከለ በጨርቅ የተጠቀለለ እጁን አሳየው። «አንተ ጉጠት መያዝ ቢያቅትህ ነው እኔ ልጓም መያዣዬን ያጣሁት። ለመሆኑ ባልዲውን ማን አኖረው?»

መልሱ አንዲት ቃል ነበረች፦ «እኔ»። ቢተው አፉ ላይ ደርሳ ዋጣት። ያኔ ቢላት ኖሮ ምናልባት ታከለ እዚያው ይቀር ነበር።

ሽማግሌዎች ገቡ። አንዱ «የያዘው» ማለት ብየዳው ነው አለ፤ ሌላው ቀለሙ ነው አለ፤ ሌላው እጁ ነው አለ። ሳይስማሙ ተነሡ። አስረስ ዱቄቱን ጠቅልሎ ወደ ከተማ ተመለሰ። ታከለ ጋሪውን ሸጦ ወደ ሚስቱ አገር ሄደ። አበባይቱን የሚወስድ ጠፍቶ ከወናፉ በላይ ምስማር ላይ ተሰቀለች።

እንግዲህ የሰማችሁ ፍረዱ። ሱቁ ለማን ይገባል? ብየዳው ለያዘለት? ቀለሙ ለያዘለት? ወይስ በመዳፉ ለያዛት?

እስክትፈርዱ ድረስ ጠዋት ጠዋት በሩን የሚከፍተው ቢተው ነው። ባልዲውን ከደጅ ያኖራል፤ በአባቱ ዱካ ላይ አይቀመጥም። የቀረው እሱ ብቻ ነው።